ቻይናታውን «የውሸት ሰፈር» ነው ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን ስለ ሳን ፍራንሲስኮው ቻይናታውን የተጻፈ አንድ የአማርኛ የጉዞ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። ለእኔም ደረሰኝ። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ፍርዱ ግን ከበድ ይላል። ጭብጡ ይሄ ነው፦ ሰፈሩ ለቱሪስት ተብሎ የተሠራ የውሸት ቻይና ነው። ጥንታዊ የሚባል ነገር ቢኖረው መግቢያው ላይ ያለው የድራጎን በር ብቻ ነው። በበሩ ሥር ፎቶ ተነስቶ፣ በግራንት ጎዳና አንድ ሰዓት ወክ አድርጎ፣ ጥንታዊውን የቻይናውያን የዕድል ብስኩት ገዝቶ መውጣት ይበቃል። የቀረው ቆሻሻና ግርግር ነው። ምግቡ አሳማ ስለሚበዛበት ለሐበሻ አይሆንም፤ አስተናጋጆቹም ፊት አይሰጡም። እኛን የሚመለከት ታሪክ የለበትም። ለማንኛውም መኪና ይዛችሁ ሂዱ ይላሉ።

እኔ የምኖረው ከድልድዩ ማዶ፣ ኦክላንድ ነው። ከአገር ቤት ወይም ከሌላ ስቴት ዘመድ ሲመጣ ቻይናታውን ማዞር የተለመደ ሥራዬ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፤ ቅር እንዲላቸውም አልፈልግም። ካሉት ውስጥ ልክ የሆነ አለ፣ ግማሹ ልክ የሆነ አለ፣ ጭራሽ ያልሆነም አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከበሩ ልጀምር። ቡሽና ግራንት ጎዳናዎች መገናኛ ላይ የቆመው፣ አረንጓዴ ጣሪያ ያለው፣ የድንጋይ አንበሶች የሚጠብቁት በር ጥንታዊ አይደለም። የተመረቀው በ1970 ነው። ዲዛይኑ ክሌይተን ሊ የሚባል አርክቴክት ሥራ ነው፤ የጣሪያው ሸክላ ከታይዋን በስጦታ የመጣ ነው። የቻይና መንደሮች መግቢያ ላይ የሚቆመውን ባለ ሦስት መተላለፊያ በር ተከትሎ ነው የተሠራው፤ መካከለኛው ሰፊ፣ ግራና ቀኙ ጠባብ። የሚያምር በር ነው፣ ፎቶም ተነሱበት። ነገር ግን ጸሐፊው «የውሸት» ብለው ያጣጣሏቸው ሕንጻዎች ብዙዎቹ በሩን በስልሳ ዓመት ገደማ ይበልጡታል። ማለትም ያደነቁት አዲሱን፣ የናቁት አሮጌውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክስ እንምጣ። ጣሪያቸው ወደ ላይ የተቆለመመው፣ በቀይና በወርቅማ ቀለም ያጌጡት ሕንጻዎች ለቱሪስት ዓይን ተብለው የተሠሩ ናቸው? አዎ። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እንዲያውም ንድፋቸውን ያወጡት ነጭ አሜሪካውያን ባለሙያዎች ናቸው። ግን ለምን እንደዚያ ተሠሩ? ጸሐፊው ይህን አለመጠየቃቸው ነው የቆጨኝ።

ኤፕሪል 18 ቀን 1906 ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ተከትሎ የመጣው እሳት ቻይናታውንን ሙልጭ አድርጎ በላው። ከዚያ በፊት የነበረው ሰፈር በሕንጻ ሥራው ከሌላው ከተማ ብዙ አይለይም ነበር፤ የጡብ ቤት፣ በረንዳ፣ በረንዳው ላይ ፋኖስ። ቦታው ግን የከተማዋ እምብርት ነው፣ ከባንኮቹና ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጎን። መሬቱ ይፈለጋል። ስለዚህ አመዱ ሳይበርድ የከተማው ሹማምንት ቻይናውያኑን ከዚያ አንስተው ሀንተርስ ፖይንት የሚባል የከተማ ዳር ሊያሰፍሯቸው ተነሱ። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ይህን ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ቻይናውያኑ እምቢ አሉ። የቻይና መንግሥት ተወካዮች ቆንስላችንን የምንሠራው በነበረበት ቦታ ነው አሉ። ከተማዋ ከሰፈሩ የምታገኘው ኪራይና ግብር ቀላል አልነበረም፤ ከእስያ ጋር የምታደርገው ንግድም ወደ ሌላ የወደብ ከተማ እንዳይሄድባት ሰጋች። በዚህ መሐል ሉክ ቲን ኢላይ የሚባል ነጋዴ ከሌሎች ጋር ሆኖ አንድ መላ ይዞ ተነሳ። ሰፈሩን ነጩ ሰው ሊያየው የሚጓጓለት ቦታ እናድርገው። ፓተርሰን ሮስ የሚባል አርክቴክትና በርግረን የሚባል መሐንዲስ ተቀጠሩ። ግራንትና ካሊፎርኒያ መገናኛ ላይ ሲንግ ቾንግና ሲንግ ፋት የሚባሉት ሁለት ሕንጻዎች ቆሙ። ከታች ተራ የአሜሪካ የንግድ ቤት፣ ከላይ ፓጎዳ (ጣሪያው የተደራረበ የእስያ ቤተ መቅደስ)። ሌላውም ባለ ንብረት ተከተለ። ገበያው ደራ፤ የማስነሳቱም ወሬ በዚያው ቀረ።

እና ያ ጣሪያ ማስመሰያ ነው ብትሉኝ እሺ እላለሁ። ከሰፈራቸው ላለመነሳት የተጠቀሙበት ማስመሰያ ነው። ሠርቷልም። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ።

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ የዚህን ተቃራኒ በየጊዜው ታዩታላችሁ። ጋለሪ ፕሌስ ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ ኤች ጎዳና ላይ ስትደርሱ በ1986 የቆመው ትልቁ የወዳጅነት በር አለ። የፈረንጅ ቡና ቤትና የሰንሰለት ሱቅ ስም በቻይንኛ ፊደል ተጽፎ ተለጥፏል። ቻይናውያኑስ? በ1997 ትልቁ የስፖርት አዳራሽ ተከፈተ፣ የአካባቢው ዋጋ ናረ፣ ነዋሪው ቀስ በቀስ ወጣ። የቀሩት ጥቂት መቶ ቢሆኑ ነው፤ ብዙዎቹም አረጋውያን ናቸው። ፊደሉ ቀርቶ ሰው የሄደበት ሰፈር ማለት ያ ነው። ጸሐፊው «የውሸት» የሚለውን ስም ለዚያ ቢያቆዩት ይሻል ነበር።

ሳን ፍራንሲስኮ ላይ እንደዚያ ያልሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ከቻይናታውን ጠርዝ፣ ኪርኒ ጎዳና ላይ ኢንተርናሽናል ሆቴል የሚባል ቤት ነበር። ስሙ ሆቴል ይሁን እንጂ ሽማግሌ ፊሊፒናውያንና ቻይናውያን በየክፍሉ ተከራይተው ዕድሜያቸውን የገፉበት ቤት ነው። ባለቤቶቹ ሊያፈርሱት ሲነሱ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ኦገስት 4 ቀን 1977 ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠር ፖሊስ መጣ። ብዙ ሕዝብ ክንድ ለክንድ ተያይዞ በሩን ቢዘጋም ሽማግሌዎቹ ተጎትተው ወጡ። ያ ሌሊት ከሰፈሩ ሰው ልብ አልወጣም። ዛሬ የቻይናታውን ማኅበረሰብ ልማት ማዕከል የሚባለው ድርጅት የተነሳውም በዚያው ዓመት ነው። በ1986 ደግሞ ከተማው የሰፈሩን የግንባታ ደንብ ለወጠ፤ የሕንጻ ከፍታ ተገደበ፣ የመኖሪያ ክፍሎችን ወደ ሌላ ሥራ መቀየር ከባድ ሆነ። ሰማይ ጠቀሶቹ ከጎኑ ተደርድረው ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቁ ሰፈር እስካሁን የቆየው ለዚህ ነው።

ቆሻሻና ግርግር ወደተባለው ልለፍ። ግርግሩ እውነት ነው። ሰፈሩ ከሃያ ጥቂት በላይ የሚሆኑ ብሎኮች ብቻ ነው፤ ሰው በብዛት ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የአሜሪካ ሰፈሮች አንዱ ነው። ከግራንት ጎዳና ሱቆች በላይ ቀና ብላችሁ እዩ። መስኮቱ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ያ መስኮት ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ሙሉ ቤት ነው። ክፍሉ 2.5 በ3 ሜትር ገደማ ነው፤ ማብሰያና መታጠቢያው በፎቁ ላሉት ሁሉ የጋራ ነው። ድሮ ላጤ ወንዶች የሚያድሩበት ነበር፤ ዛሬ አያት፣ እናትና ልጅ አብረው ይኖሩበታል። የቀበሌ ግቢ ውስጥ፣ በጋራ ማድቤትና በጋራ ቧንቧ ያደገ አንባቢ ይህን ኑሮ ሳይነገረው ያውቀዋል። ልጅ የሚጫወተው ውጭ ነው፣ ሽማግሌው የሚያወራው ውጭ ነው። ቤት ውስጥ የት ይቀመጥ?

ፖርትስማውዝ አደባባይን ጸሐፊው «ሥራ ፈቶች ቁማር የሚጫወቱበት» ብለው ያለፉትም በዚሁ ምክንያት ሳይገባቸው ነው። ሰዎቹ ጡረተኞች ናቸው። ያ አደባባይ ለዘመናት ሳሎናቸው ነው፤ ካርታውም የቻይና ቼዙም ወሬውም እዚያ ነው። ደግሞ የከተማዋ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው እዚያው ቦታ ላይ ነው። በ1846 ከተማዋ ገና የሜክሲኮ ግዛት ሳለች የአሜሪካ ባንዲራ መጀመሪያ የተሰቀለው እዚያ ነው። በ1848 የወርቅ መገኘት የታወጀውም እዚያ ነው፤ ቻይናውያኑን ከካንቶን ገጠር ባሕር ያሻገራቸውም ያው ወሬ ነው።

ስለ «ቆሻሻ» ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ምክንያቱም ይህ ቃል በዚህ ሰፈር ላይ ብዙ ግፍ ተሠርቶበታል። በ1870 ከተማው ለአንድ ሰው 500 ኪዩቢክ ጫማ አየር የሌለው ክፍል ውስጥ ማደር ወንጀል ነው የሚል ደንብ አወጣ። የተያዙት ቻይናውያን ብቻ ማለት ይቻላል። ቅጣቱን አንከፍልም ብለው እስር ቤቱን ሲሞሉት ደግሞ እስር ቤቱ ራሱ ደንቡን ጣሰ! በ1900 የቸነፈር በሽታ ተገኘ ተብሎ ሰፈሩ በገመድ ታጠረ። ነጩ ወጣ፣ ቻይናዊው ውስጥ ቀረ። የነጮች ሱቅ ያለበት ጋ ሲደርስ ገመዱ ይጠመዘዝና ያልፈዋል። በመጨረሻ ፍርድ ቤት ነው ወሸባውን ያስነሳው። እና ዛሬ አንድ እንግዳ ሰው የአትክልት ቅርፊት መንገድ ላይ አይቶ «ቆሻሻ ሰፈር» ብሎ ሲጽፍ፣ የሰፈሩ ሰው ቃሉን የሚሰማው ከዚህ ሁሉ ጋር ነው። ጠዋት ገበያ የዋለበት ጎዳና ሁሉ ቅርፊት አለው። መርካቶም አለው።

ቱሪስት ያየው «ወንጀለኛ ቻይናታውን»ም ቢሆን ድሮ በከፊል ቲያትር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አስጎብኚዎች ፈረንጆችን ማታ እያመጡ፣ ከፍለው ያዘጋጁትን የኦፒየም ማጨሻና የውሸት ድብድብ ያሳዩ ነበር። የዚያ ወሬ ጥላ ገና አልለቀቀም። እኔ ቀን ቀን ሽማግሌ እናቶች በኪስ ገንዘብ ይዘው የሚገበዩበትን ጎዳና «አደገኛ» ለማለት አፌ አይደፍርም። ቦርሳችሁን እንደማንኛውም ከተማ ጠብቁ፣ በቃ።

አንድ ሰዓት ይበቃል የሚለው ደግሞ ግራንትን ብቻ ካያችሁ ልክ ነው። ግራንት ላይ ያለው ቲሸርት፣ የፕላስቲክ ድመትና የሻንጣ ሱቅ ነው፤ እኔም ቶሎ ነው የማልፈው። አንድ ጎዳና ወደ ዳገቱ ከፍ በሉ። ስቶክተን ይባላል። ሰፈሩ የሚገበየው እዚያ ነው። በሕይወት ያለ ዓሣ፣ የተሰቀለ ዳክዬ፣ ስሙን የማታውቁት ቅጠል። አያቶቹ በክርን እየገፉ ይመርጣሉ፤ ቅር አይበላችሁ፣ አንዷ መንገድ እስክትለቁ አትጠብቅም። እዚህ ላይ ጸሐፊው የገበያውን ባልቴቶች ፎቶ አንሱ ማለታቸው አልጣመኝም። እናታችሁ አትክልት ተራ ጎንበስ ብላ ሽንኩርት ስትመርጥ አንድ የማታውቀው ሰው ካሜራ ፊቷ ላይ ቢደቅን ምን ትላለች? አስፈቅዱ፣ ካልሆነ ተዉት።

በሁለቱ ጎዳናዎች መሐል ዌቨርሊ ፕሌስ የምትባል አጭር መንገድ አለች። ከሰፈሩ ሁሉ እኔ የምወዳት እሷን ነው። ባለ ቀለም በረንዳዎቹ የቤተ ዘመድና የአገር ልጅ ማኅበራት ናቸው፤ አንድ የአባት ስም ያላቸው ወይም ከአንድ ወረዳ የመጡ ሰዎች የመሠረቷቸው። አዲስ መጤ መጥቶ ሥራ የሚጠይቀው፣ የሞተ የሚቀበረው በእነዚህ በኩል ነበር። እድርና የአገር ልጅ መረዳጃ ላለን ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ከአንዱ ሕንጻ አናት ላይ የቲን ሀው ቤተ መቅደስ አለ። የተመሠረተው በ1852 ነው ይባላል፤ የአሁኑ ሕንጻ ከ1906 እሳት በኋላ የተሠራ ነው። ቲን ሀው ባሕርተኞችን የምትጠብቅ የሰማይ ንግሥት ናት። በመርከብ ለሳምንታት ፓሲፊክን አቋርጦ የመጣ ሰው መጀመሪያ ለማን ምስጋና እንደሚያቀርብ መገመት አይከብድም። አሳንሰር የለም፤ ጠባብ ደረጃ ነው የምትወጡት። ላይ ስትደርሱ ጣሪያው በቀይ ፋኖስ ተሞልቷል፣ ዕጣን ይጤሳል፣ ብርቱካን በሳህን ቀርቧል። ፎቶ ክልክል ነው። ትንሽ ገንዘብ ሙዳዩ ውስጥ ማስቀመጥ ወግ ነው። በሃይማኖት ምክንያት መግባት የማይፈልግ ዘመድ አብሮኝ ሲኖር ታች ይጠብቀናል፤ ማንም አይቀየመውም።

የቀረውን በችኮላ ልጥቀስ። ግራንትና ካሊፎርኒያ ላይ ያለው የቅድስት ማርያም አሮጌው ካቴድራል በ1854 የተመረቀ ነው። ዋሽንግተን ጎዳና ላይ ፓጎዳ የመሰለው ባንክ የድሮው የቻይናታውን የስልክ ጣቢያ ነው። ሴቶቹ ኦፕሬተሮች የደንበኛውን ሁሉ ስም በቃል ያውቁ ነበር፤ ሰውን በቁጥር መጥራት እንደ ነውር ስለሚታይ ደዋዩ ስም ብቻ ነው የሚናገረው። ጃክሰን ጎዳና ላይ ያለው የቻይናውያን ሆስፒታል በ1925 የተከፈተው ሌላው ሆስፒታል ስለማያስተናግዳቸው ነው፤ ብሩስ ሊ በ1940 የተወለደው እዚያ ነው። ክሌይ ጎዳና ላይ የቻይና አሜሪካውያን የታሪክ ማኅበር ሙዚየም አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት የሚከፈትበትን ቀን አረጋግጡ። ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት የሚጨርስ ሰው ካለ ሯጭ ነው።

«ጥንታዊው የቻይናውያን የዕድል ብስኩት» የተባለው ደግሞ የቻይና አይደለም። ሥሩ ጃፓን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ መጀመሪያ ያስተዋወቁት ጃፓናውያን ናቸው። በ1942 ጃፓናውያን አሜሪካውያን ተለቅመው ካምፕ ሲገቡ ሥራው ወደ ቻይናውያን እጅ ገባ። ሮስ አሊ የምትባል ጠባብ መንገድ ውስጥ ከ1962 ጀምሮ የሚሠራ ትንሽ ፋብሪካ አለ። ሴቶቹ ትኩሱን ክብ ቂጣ ከማሽኑ አንስተው ወረቀቱን ጣል አድርገው በጣት ሲያጥፉት ማየት ደስ ይላል። ብስኩቱ ራሱ? እንዲሁ ነው።

ምግብ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። አሳማ ይበዛል፤ ይህን ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እንግዳ ቀድሞ መንገር ጥሩ ነው። እንዲያውም ካሉት በላይ ይደበቃል። ቻር ሲዩ ባኦ የሚባለው ነጭ ለስላሳ ዳቦ ውስጡ አሳማ ነው። ሲዩ ማይ ውስጥም አለ። ሃር ጋው የሽሪምፕ ነው ቢባልም አንዳንዱ ቤት የአሳማ ስብ ጣል ያደርግበታል። ጣፋጩ የእንቁላል ታርት እንኳ ቂጣው በስብ የሚሠራበት ቤት አለ። ስለዚህ ጠይቁ። «አሳማ አለው? ስብስ?» ማለት አያሳፍርም፤ በየቀኑ የሚጠየቁት ነው።

ግን «ለሐበሻ አይሆንም» ማለት ምን ማለት ነው? ቻይና የቡድሂስት ጾም ምግብ ያለባት አገር ናት። ቶፉው፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰው ጋይ ላን የሚባለው ቅጠል፣ እንጉዳዩ፣ የሩዝ ኑድሉ በዓይነት ነው። እኔ በጾም ወቅት ፒዛ ቤት ገብቼ ሰላጣ ከማላምጥ እዚህ መምጣት እመርጣለሁ። ቅጠሉ ላይ የሚያፈሱት ስጎ ብዙ ጊዜ የኦይስተር ነውና ያንን ተዉልኝ በሉ። ሥጋ ለሚበላ ዳክዬና ዶሮ አለ። ዓሣ ለሚወድማ ከገንዳው ተመርጦ በዝንጅብል በእንፋሎት የሚበስል አለ።

አስተናጋጆቹ ፊት አይሰጡም ለሚለው፦ ፊት የሚሰጡበት ጊዜ የላቸውም። ስቶክተን ላይ ዲምሰም (እንደ ቻር ሲዩ ባኦና ሲዩ ማይ ያሉት ትንንሽ ምግቦች) በሚሸጥባቸው መስኮቶች ከኋላችሁ ረጅም ሰልፍ አለ። ካሽ አዘጋጁ፣ የምትፈልጉትን በጣት አሳዩ፣ ብዛቱን ተናገሩ፣ ከፍላችሁ ውጡ። ትልልቆቹ ቤቶች ውስጥ ከማታውቁት ሰው ጋር ገበታ ልትጋሩ ትችላላችሁ። ሻይው ሲያልቅ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፈት አድርጋችሁ ተዉት፤ ሳትጠሩ ይመጣሉ። ፈገግታ ያለበት መስተንግዶ የምትፈልጉ ከሆነ ግራንት ላይ በየበሩ ቆመው «ግቡ» የሚሉ አሉ፤ ምግባቸው ግን እንደ ፈገግታቸው አይደለም። በዚያ ላይ ጸሐፊው ካሉት በላይ ልስጣቸው፦ ምግብ ብቻ ፈልጎ ለሚመጣ ሰው ሪችመንድ ሰፈር ያለው ክሌመንት ጎዳና ሰፊ ምርጫ አለው። ሰንሴትም እንዲሁ። ቻይናታውን የሚኬደው ለሆድ ብቻ አይደለም።

የመጨረሻው ትልቁ ነጥብ «እኛን የሚመለከት ታሪክ የለበትም» የሚለው ነው። ይህን ያነበብኩት አሜሪካ የተወለዱ ልጆች ባሉበት ቤት ተቀምጬ ነው።

ሳክራሜንቶ ጎዳና ቁጥር 751 ላይ በ1873 ዎንግ ኪም አርክ የሚባል ልጅ ተወለደ። ወላጆቹ ቻይናውያን ናቸው፤ በጊዜው ሕግ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አይችሉም። ልጁ አድጎ ምግብ አብሳይ ሆነ። በ1895 ቻይና ዘመድ ጠይቆ ሲመለስ ዜጋ አይደለህም ተብሎ ወደብ ላይ ታገደ። በ1882 የወጣው ቻይናውያንን የሚከለክል ሕግ አለና። ተከራከረ። በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ2 ፈረደለት፤ በአሜሪካ ምድር የተወለደ ልጅ፣ ወላጆቹ የውጭ ዜጎች ቢሆኑም፣ በሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ መሠረት ዜጋ ነው። በግሪን ካርድ ወይም በጥገኝነት ላይ ሳሉ ልጅ የወለዱ ሐበሾች ልጃቸው ፓስፖርት ያገኘው በዚህ ፍርድ ነው። በ2025 መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ ይህንን መብት የሚገድብ ትእዛዝ ሲፈርሙ በየችሎቱ የተጠቀሰው የዚህ አብሳይ ስም ነው።

እሱ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት በ1886 ዪክ ዎ የሚባለው የልብስ አጠባ ቤት ክስ አለ። ከተማው በእንጨት ቤት ልብስ ለሚያጥብ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። ሁለት መቶ ያህል ቻይናውያን አመልክተው ተከለከሉ፤ ሰማንያ ከሚሆኑት ሌሎች አመልካቾች ከአንዱ በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሕግ እኩልነት ለዜጋ ብቻ አይደለም ብሎ ሻረው። ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ገና ወረቀቱ ያላለቀለት ወገናችን ፍርድ ቤት ሲቆም ከጀርባው ይህ ውሳኔ አለ።

ወደ አሜሪካ የሚገባውን ሰው የሚወስነውን ኮታም እናንሳ። በ1924ቱ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ነበር። የቻይናውያን እገዳ በ1943 ሲነሳ ለእነሱ የተሰጠው 105 ነው። ሁለታችንንም ከዚህ ጠባብ በር ያስወጣን የ1965ቱ ሕግ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው እንዴት ይገባ ነበር? በ1906 እሳት የከተማዋ የልደት መዝገብ ተቃጥሏል። ብዙ ቻይናዊ «እዚሁ ነው የተወለድኩት» አለ፤ ማን ያረጋግጥ? ከዚያ የሌለ ልጅ እየተመዘገበ የሌላ ሰው ልጅ በዚያ ስም ይመጣ ጀመር። የወረቀት ልጆች ይባላሉ። መንግሥትም ነቅቶ ከ1910 እስከ 1940 በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ባለው ኤንጀል ደሴት ላይ እያገተ ይመረምራቸው ነበር። የቤታችሁ ደረጃ ስንት ነው? የሩዝ ማስቀመጫው የት ጋ ነው? ጎረቤታችሁ ስንት ልጅ አለው? መልሱ ከአባትየው ካልገጠመ መመለስ ነው። ለሳምንታት፣ አንዳንዱ ለወራት ተይዞ ግድግዳው ላይ ግጥም ቀርጿል፤ ግጥሞቹ ዛሬም አሉ። ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ላይ «የባለቤትሽ የወንድሙ ልጅ ስም ማን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው እኛ ዘንድ የለም እንዴ? ደሴቱ በጀልባ ይኬዳል፤ ቀን ካላችሁ ከቻይናታውን ማግስት ሂዱበት።

መኪናውን በተመለከተ፦ አትያዙ። ጎዳናው ጠባብ ነው፣ ዳገት ነው፣ ፓርኪንጉ ከምሳው ይበልጣል። ከኦክላንድ ባርት በሚባለው ባቡር እስከ ፓውል ጣቢያ ድረስ፣ ከዚያ ሳትወጡ በውስጥ ተሻግራችሁ ቲ የሚለውን ባቡር። አንድ ፌርማታ ነው። ይህ መስመር ሙሉ በሙሉ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 2023 ነው፤ ሰፈሩ ደግሞ ከ1989ኙ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ወደ እሱ የሚያደርሰው የፍጥነት መንገድ ሲፈርስበት ጀምሮ ሲወተውት የኖረው ነው። ለዚህ ብዙ የታገለችው የሰፈሩ የፖለቲካ አቀንቃኝ ሮዝ ፓክ ሳታየው በ2016 ሞተች፤ ጣቢያው በስሟ ተሰይሟል፣ ስያሜውም ራሱ ብዙ አጨቃጭቋል። ከጣቢያው ስትወጡ ቀጥታ ስቶክተን ላይ ናችሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት አካባቢ ድረሱ፤ ቤተ መቅደሱ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ይዘጋል፣ ጥሩው ዲምሰምም ያልቃል።